የሆድ ሲቲ ስካን፦ ጨረሩ ሲቀነስ ጉበቱ አይነበብም

ቱሉዲምቱ_16
ሰላም ባለሙያዎች። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ባለ አንድ የምርመራ ማዕከል ባለ 16 ስላይስ ጂኢ ሲቲ ነው ያለን። የአዋቂ ሆድ በኮንትራስት ስንሠራ ሲቲዲአይ ቮሉ (ማሽኑ የሚያሳየው የጨረር መጠን) ለወፍራሙም ለቀጭኑም 31 ሚሊግሬይ ነው። 120 ኬቪ (የቲዩቡ ቮልቴጅ)፣ ኖይዝ ኢንዴክስ (ማሽኑ እንዲጠብቀው የምናዘው የኖይዝ፣ ማለትም የምስል ሻካራነት ልክ) 12፣ አውቶ ኤምኤ (የቲዩቡን ከረንት በታካሚው ውፍረት ልክ የሚያስተካክለው) በርቷል። ከፍተኛውን ኤምኤ ከ440 ወደ 300 ሳወርደው መጠኑ 21 ሆነ፤ ዶክተሮቹ ግን ጉበቱ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል፣ ትንንሽ ሊዥን (ቁስል ወይም እብጠት) አይለይም አሉ። ምኑን ላስተካክል?

ፋንተም
ወንድሜ፣ መልሱ ከራስህ ቁጥሮች ውስጥ አለ። መጠኑ የወረደው ጣሪያውን ባወረድክበት ልክ ነው። ስለዚህ ኤምኤው ጣሪያው ላይ ተለጥፎ ነበር፤ አውቶ ኤምኤው ለስም ነው የበራው። ስካን ከመጀመርህ በፊት የኤምኤ ሰንጠረዡን ክፈተው፤ ከድያፍራም እስከ ዳሌ አንድ ቁጥር ብቻ ታያለህ።

የምጠረጥረው ሪኮን 1ን (ከጥሬ ዳታው መጀመሪያ የሚሠራውን የምስል ስብስብ) ነው። ጂኢ ኖይዝ ኢንዴክሱን የሚያሰላው በመጀመሪያው ሪኮን ውፍረት ነው። ለሪፎርማት (በሌላ አቅጣጫ ለሚቆረጥ ምስል) ተብሎ 1.25 ሚሜ ተደርጎ ከሆነ፣ ማሽኑ እዚያ ላይ 12 ለማምጣት በ5 ሚሜ ከሚበቃው 4 እጥፍ ጨረር ይጠይቃል። ሪኮን 1ን 5 ሚሜ አድርገው፤ 1.25ቱን ሪኮን 2 ላይ ከዚያው ጥሬ ዳታ አውጣው፣ ተጨማሪ ጨረር የለውም። ጣሪያውን ወደ 440 መልሰው፣ ለወፍራም ታካሚ ያስፈልጋል። ዶክተሮቹም ጉበቱን በ5 ሚሜው ያንብቡት፤ በ1.25ቱ ኖይዙ እጥፍ ነው።

ሰበታ_ራድ
ፋንተም ያለው ትክክል ነው፤ ግን ታካሚው መሀል ካልተኛ እሱም አይሠራም። ስካውቱ (ከስካኑ በፊት የሚነሳው የማቀጃ ምስል) ቲዩቡ ከላይ ሆኖ ሲነሳ፣ ጠረጴዛው ከፍ ካለ ታካሚው ለቲዩቡ ይቀርብና ገዝፎ ይታያል፤ ማሽኑም ወፍራም መስሎት ኤምኤ ይጨምራል። ዝቅ ካለ ደግሞ ተቃራኒው ነው፦ መጠኑ ያንሳል፣ ኖይዙ ይበዛል። በጎን ስካውት አረጋግጥ። እጅ ወደ ላይ ይነሳ፤ ጎን ላይ ከቀረ ኤምኤም ይጨምራል፣ ጉበት ላይም ጭረት ያመጣል።

መብራት ሄዶ ከመጣ ደግሞ ቲዩብ ዋርም አፕ (ቲዩቡን ማሞቅ) እና ኤር ካሊብሬሽን (በባዶ አየር ማስተካከል) ሳይሠራ ታካሚ አይግባ። የውሃ ፋንተሙ (የመሞከሪያ ዕቃው) 0±5 ሀውንስፊልድ (የሲቲ የጥግግት መለኪያ) ላይ ካልሆነ ፕሮቶኮል መነካካቱ ከንቱ ነው።

ኮንትራስት_100
ሁሉም ስለ ኤምኤ አወራ፤ ፌዝ (የስካን ዙር) ስንት ነው የምትሠሩት? ያለ ኮንትራስት፣ ፖርታል (ኮንትራስቱ ጉበት ሲደርስ)፣ ዲሌይድ (ዘግይቶ) ለሁሉም ታካሚ በልማድ ከሆነ ዲኤልፒው (የጠቅላላው ምርመራ ጨረር) 3 እጥፍ ገደማ ነው። ለብዙው የሆድ ጥያቄ ፖርታል ብቻውን ይበቃል። ዶክተሮቹን አሳምኑ፣ ትልቁ ቅነሳ ያለው እዚያ ነው።

ለቀጭን ታካሚ 100 ኬቪ ሞክር፤ የኮንትራስቱ አዮዲን ኬ ኤጅ (ኤክስሬይን በድንገት አብዝቶ የሚውጥበት ኃይል) 33.2 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ስለሆነ ኮንትራስቱ ይደምቃል። ኢንዴክሱን 12 ላይ ከተውከው ግን ማሽኑ ኤምኤ ጨምሮ አብዛኛውን ትርፍ ይበላዋል፤ ትንሽ ከፍ አድርገው።

ቱሉዲምቱ_16
ሪኮን 1 እውነትም 1.25 ነው። ፌዙም 3 ነው፣ እሱን ከዶክተሮቹ ጋር እንነጋገራለን። ሲመንስ ላይ የሚሠራ ጓደኛዬም ያው ኢንዴክስ ይጨምር?

ፋንተም
በፍጹም። የሲመንሱ ኳሊቲ ሬፈረንስ ኤምኤኤስ (ለመደበኛ ታካሚ የሚሰጥ የጨረር መነሻ) ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ጨረሩም ይጨምራል። የስላይስ ውፍረት ቢቀይርም ኤምኤው አይነካም፣ ኖይዙ ብቻ ነው የሚቀየረው።