አዲስ አበባ ላይ አይዞፍሉሬን 1.2 ተከፍቶ ሞኒተሩ 1.8 የሚያነበው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦
ሰላም ባልደረቦች። ያለነው አዲስ አበባ ነው። የአይዞፍሉሬን (የማደንዘዣ መድኃኒት) ቬፖራይዘሩ፣ ማለትም ፈሳሹን ወደ እንፋሎት ለውጦ የሚሰጠው መሣሪያ፣ 1.2 በመቶ ላይ ተከፍቷል፤ ኦክስጅንና አየር በደቂቃ 6 ሊትር ይገባል። ጋዝ ሞኒተሩ ታካሚው የሚያስገባውን 1.8 በመቶ ይለዋል። ማክ (የማደንዘዣ ኃይል መለኪያው) 1.15 በመቶ ስለሆነ አብዝተን እየሰጠን መስሎናል። ቬፖራይዘሩ ለጥገና ይላክ ወይስ ወደ 0.8 ዝቅ አድርገን እንቀጥል?

መልስ 1፦
አይላኩት፤ ወደ 0.8ም አያውርዱት። አዲስ አበባ ላይ የአየር ግፊቱ 580 ሚሊሜትር ሜርኩሪ አካባቢ ነው፤ ቬፖራይዘሩ የተስተካከለው ግን ለ760 ነው። የአይዞፍሉሬን የእንፋሎት ግፊት በ20 ዲግሪ ሙቀት 238 ነው፤ ከፍታ አይለውጠውም። በቬፖራይዘሩ ውስጥ የሚያልፈው ጋዝ የሚሸከመው እንፋሎት በባሕር ወለል 238 ለ522 (760 ሲቀነስ 238) ሲካፈል፣ 0.46 ነው። እዚህ 238 ለ342 (580 ሲቀነስ 238) ሲካፈል 0.70 ይሆናል፤ አንድ ተኩል እጥፍ ማለት ነው። 1.2 በ1.5 ሲባዛ 1.8! ሁለቱም መሣሪያዎች ጤነኛ ናቸው።

አንጎል የሚሰማው መቶኛውን ሳይሆን ግፊቱን ነው። 1.2 በመቶ በባሕር ወለል 9.1 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ነው፤ የእርስዎ 1.8 ደግሞ 10.4። ልዩነቱ ትንሽ ነው።

መልስ 2፦
ስሕተቱ ያለው 1.15ን እንደ ቋሚ ቁጥር መያዙ ላይ ነው። የማደንዘዣ ሐኪሙ ኤድመንድ ኤገርና ባልደረቦቹ በ1965 እ.ኤ.አ. ማክን የኃይል መለኪያ አድርገው አቀረቡ፤ ማክ ማለት ቆዳ ሲቀደድ ከታካሚዎች ግማሹ የማይንቀሳቀሱበት የሳንባ ውስጥ መጠን ነው። በመቶኛ የሚጻፈው ለባሕር ወለል ነው። በግፊት ሲታይ የአይዞፍሉሬን ማክ 8.7 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ነው፤ ለአዲስ አበባ ይህ በትንፋሽ መውጫ 1.5 በመቶ ይሆናል። ከሌሎቹ ማደንዘዣዎች ሴቮፍሉሬን 2 የነበረው 2.6፣ ሀሎቴን 0.75 የነበረው 1 ገደማ።

ሞኒተሩን አምነው የትንፋሽ መውጫውን 1.15 ላይ ቢይዙት የሚሰጡት 0.76 ማክ ብቻ ነው። ጡንቻ የሚያዝል መድኃኒት የወሰደ ታካሚ ነቅቶ ሳለ መንቀሳቀስ አይችልም፤ እጅግ የሚያስፈራውም ይኸው ነው።

ጠያቂው፦
አመሰግናለሁ። ሞኒተሩ ራሱ ከፍታውን ያሰላ እንደሆነ በምን ይታወቃል? ሌሎቹ ማደንዘዣዎች፣ ናይትረስ ኦክሳይድና ዴስፍሉሬንስ?

መልስ 1፦
በሞኒተሩ ሴቲንግ ውስጥ የአየር ግፊቱን ይዩ። 580 አካባቢ ከሆነ መቶኛው የእዚህ ነው። 760 ላይ ከተቀመጠ ያው ጋዝ 1.4 ገደማ ይነበባል፤ ያኔ 1.15ን እንዳለ መጠቀም ይቻላል። ሁለቱን ማቀላቀል ነው የሚያሳስተው።

ናይትረስ ኦክሳይድ እዚህ ይደክማል፦ 60 በመቶው በባሕር ወለል 0.58 ማክ ሲሆን አዲስ አበባ ላይ 0.44 ነው። ኦክስጅንም እንዲሁ፤ የባሕር ወለሉን 30 በመቶ ለማግኘት 40 ይክፈቱ። የዴስፍሉሬን ቬፖራይዘር የሚሞቅና መቶኛውን ጠብቆ የሚሰጥ ስለሆነ ዳያሉን (የመጠን መክፈቻውን) በእጅ መጨመር ያስፈልጋል፤ 6 የነበረው ወደ 7.9።

መልስ 3፦
እውነተኛ ብልሽትም አለና አይዘንጉት። ቬፖራይዘሩ ፈሳሽ እያለው ከተጋደመ ፈሳሹ ወደ ማለፊያው (ጋዙ ፈሳሹን ሳይነካ ወደሚያልፍበት መስመር) ገብቶ መጠኑን እጅግ ያንረዋል፤ ከታካሚ ተነጥሎ በከፍተኛ ፍሰት ታጥቦ መጠኑ ካልተለካ አይመለስ። በሐምራዊው የአይዞፍሉሬን ቬፖራይዘር ሀሎቴን ከተሞላ ደግሞ የእንፋሎት ግፊቱ 243 ስለሆነ መቶኛው ብዙም አይለወጥም፤ ኃይሉ ግን አንድ ተኩል እጥፍ ነው። የጋዙን ዓይነት ለይቶ የማያውቅ ሞኒተር ይህን አያሳይዎትም፤ ሲሞላ የጠርሙሱን ቀለምና ስም ሁለት ሰው ይይ።