አሳቲግ ደሴት ላይ ድንኳን ለመትከል፦ በውቅያኖሱ በኩል ወይስ በወሽመጡ?

ሰላም ለሁላችሁ። ጁላይ ላይ ሜሪላንድ፣ አሳቲግ ደሴት ከነልጆቻችን ሁለት ሌሊት ለማደር አስበን ቦታ መረጣው ላይ ተይዘናል። በውቅያኖሱ በኩል ነፋሱ የወባ ትንኙን ያባርራል፤ ጥላ የሚሆን ዛፍ ግን የለም። በወሽመጡ በኩል ጸጥታ አለ፣ ነፋሱ ጋብ ሲል ግን ትንኙ አያስቀምጥም።

ወደ ውቅያኖሱ አዘንብለናል፤ የቸገረን ካስማው ነው። ከድንኳኑ ጋር የመጣው 18 ሳንቲ ሜትር ቀጭን ካስማ ደረቅ አሸዋ ውስጥ አይጨብጥም፤ ገመዱ ሲወጠር ተነቅሎ ይወጣል። ያለን ምርጫ 40 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ሰፋ ያለ የአሸዋ ካስማ መግዛት፣ አለዚያም ከረጢት በአሸዋ ሞልቶ፣ ገመዱን ወገቡ ላይ አስሮ፣ ግማሽ ሜትር ያህል መቅበር ነው። ለስድስት ሰው ድንኳን ከረጢቱ ብቻውን ይበቃል? ስንት ማዕዘን ላይ?

ሌላው ደሴቱ ላይ የሚኖሩት የዱር ፈረሶች ናቸው። ቢያንስ 12 ሜትር መራቅ፣ ምግብም መኪና ውስጥ መቆለፍ እንዳለበት እናውቃለን። ከመኪና ማቆሚያው በእግር የሚገባባቸው ቦታዎች ያደራችሁ፣ የበረዶ ሣጥኑን ማታ ማታ ተሸክማችሁ ትመልሱታላችሁ ወይስ ሌላ ዘዴ አለ? ነፋሱን የሚችል የጥላ ሸራም ካወቃችሁ ጠቁሙን።