አማካሪ ፎረንሲክ ላብራቶሪ ውስጥ የሚሠሩት ምን ተምረው ነው የሚገቡት?

የአዌቱ ልጅ፦
ሰላም ወገኖች። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ኬሚስትሪ ነኝ። ፎረንሲክ ውስጥ፣ ማለትም ለፍርድ ቤት የሚቀርብ ማስረጃ በሳይንስ የሚመረመርበት ቦታ መሥራት እፈልጋለሁ፣ ፊልም አይቼ አይደለም። ጎረቤታችን ያሉ አንዲት እናት የቤታቸው ጉዳይ ፍርድ ቤት ነው። ሽያጭ ውሉ ላይ ያለው ፊርማ የሟች ባለቤቴ አይደለም ይላሉ። ሰነዱ ለምርመራ አዲስ አበባ ተልኮ ውጤት እየተጠበቀ ነው። ወረቀቱን የሚያየው ሰው የሚጽፋት አንድ ገጽ የቤተሰብ ቤት ትወስናለች፣ ይሄ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ።

ሰሞኑን ውጭ አገር ስላሉ አማካሪ ላብራቶሪዎች ሳነብ ደግሞ ግራ ገባኝ። አንድ ቢሮ ውስጥ ኬሚስት፣ ባዮሎጂስት፣ መሐንዲስና የቀድሞ ፖሊስ አብረው ይሠራሉ። ታዲያ በኬሚስትሪ ልቀጥል ወይስ ስሙ ላይ ፎረንሲክ የሚል ዲግሪ ልፈልግ? የምታውቁ እባካችሁ።

ላብ ውስጥ ያለሁ፦
ወንድሜ ኬሚስትሪህን ያዝ። ሥራው ከጅምሩም እንዲህ የተቀላቀለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1925 ኒውዮርክ ውስጥ በጥይት ምርመራ የሚያማክር ቢሮ የከፈቱትን አራት ሰዎች ተመልከት። ካልቪን ጎዳርድ የጦር ሠራዊት ሐኪም የነበረ ነው። ፊሊፕ ግራቬል የኬሚስትሪና የማይክሮስኮፕ ሰው። ጆን ፊሸር የፊዚክስ። ቻርልስ ዌይት ደግሞ ከየጦር መሣሪያ ፋብሪካው የመሣሪያዎቹን ልኬት ሲሰበስብ የኖረ መርማሪ። ግራቬል ሁለት ማይክሮስኮፕ በአንድ መመልከቻ አገናኘና ሁለት ጥይት ጎን ለጎን ማየት ተቻለ፤ አፈሙዙ በአንዱ ላይ የተወው ጭረት ከሌላው ጭረት ጋር መስመሩ ሲገጥም ወይም ሲስት በዓይንህ ታየዋለህ። እ.ኤ.አ. በ1929 ቺካጎ ላይ ሰባት ሰዎች በአንዴ ሲገደሉ የጠሩት ጎዳርድን ነው። ከገዳዮቹ አንዳንዶቹ የፖሊስ ልብስ ለብሰው ስለነበር ሕዝቡ ፖሊስን ጠርጥሯል። ጎዳርድ የፖሊስን መሣሪያዎች ተኩሶ ከቦታው ከተነሡት ጥይቶች ጋር አስተያየና እነዚህ አይደሉም አለ፣ በኋላ ከተያዙ ቶምሰን ከሚባሉ ሁለት አውቶማቲክ ጠመንጃዎች ጋር ግን ገጠሙለት። እና ይሄ ሰውዬ የተማረው ሕክምና ነው!

ዛሬም ሰውን የሚመርጠው ጥያቄው ነው። መርዝና አደንዛዥ ዕፅ ከሆነ ኬሚስት። ዲኤንኤ ከሆነ ጄኔቲክስ ወይም ሞለኪውላር ባዮሎጂ የተማረ። አሌክ ጄፍሪስ እ.ኤ.አ. በ1984 እንግሊዝ ሌስተር ላይ ሰውን በዲኤንኤ የመለየት ዘዴውን ሲያገኝ የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ነበር። የመኪና ግጭት ከሆነ መሐንዲስ። ብዙዎቹ አማካሪዎች ደግሞ መጀመሪያ የመንግሥት ላብራቶሪ ውስጥ ዓመታት ሠርተው የወጡ ናቸው፤ እንግሊዝ የመንግሥቱ ፎረንሲክ አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2012 ሲዘጋ ሥራው ወደ ግልና ወደ ፖሊስ ላብራቶሪዎች ነው የሄደው። አንተ ትንተናዊ ኬሚስትሪን ጠበቅ አድርገህ ያዝ፣ ስታቲስቲክስንም አትሽሸው።

ጡረተኛው ሳጅን፦
ልጄ፣ ከላይ የተባለው ልክ ነው፣ ግን የፖሊሱ ነገር ቶሎ ታለፈ። ላብራቶሪ የሚደርሰው ናሙና ከሜዳ ነው የሚመጣው። በደም የራሰ ሸሚዝ በፌስታል ተጠቅልሎ ሲመጣ አይቻለሁ። ፌስታል ውስጥ እርጥበቱ ይታፈናል፣ ይሻግታል፣ ዲኤንኤው ይበላሻል። አድርቀህ በወረቀት ፖስታ ነው የምታሽገው። ፖስታው ላይ ማን አነሳው፣ የት፣ በስንት ሰዓት፣ ለማን አስረከበ የሚለው ካልተጻፈ የላቡ ማሽን የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ኤግዚቢቱ ዋጋ ያጣል። ይህን የሚያውቅ ሰው ቢሮው ውስጥ ካልተቀመጠ ሳይንቲስቱ የተበላሸ ነገር ሲለካ ይውላል።

ጠበቃዋ ከሂርማታ፦
የኔ ወንድም፣ እኔ የሙያ ምስክር ሲቀርብ መስቀለኛ ጥያቄዬን የምጀምረው በዲግሪው ስም አይደለም። ይህን ዓይነት ምርመራ ስንት ጊዜ ሠርተሃል? መልሱ አስቀድሞ በሚታወቅ ናሙና ተፈትነህ ታውቃለህ? ላብራቶሪህ በአይ ኤስ ኦ 17025፣ በዓለም አቀፉ የላብራቶሪ ብቃት ደረጃ፣ ዕውቅና አለው? እነዚህን ነው የምጠይቀው።

የጎረቤትህ ዓይነት ፊርማ ከሆነ ደግሞ መርማሪው ከምን ጋር አስተያየው የሚለው ዋናው ነው። ሟቹ በዚያው ሰሞን የፈረሙት የባንክ ወረቀት፣ የዕድር መዝገብ፣ የደመወዝ ሊስት ይፈለጋል። ሰው አስመስሎ ሲፈርም እጁ ይዘገያል፣ መስመሩ ይንቀጠቀጣል፣ መነሣት በሌለበት ቦታ እስክሪብቶው ተነሥቶ ይቀጥላል። ግን በሽታና እርጅናም እጅን ያንቀጠቅጣሉ፣ ስለዚህ ጤነኛ እያሉ የፈረሙት ብቻውን አይበቃም። ይህን በግልጽ የማይጽፍ ባለሙያ ያስፈራኛል።

የትምህርት ማስረጃን ማጣራትም ቀላል ነገር አይደለም። አሜሪካ ማሳቹሴትስ ውስጥ አንዲት የዕፅ ምርመራ ኬሚስት የሌላትን ማስተርስ አለኝ ስትል ኖራለች፣ ሳትመረምርም ውጤት ትጽፍ ነበር። ነገሩ ከተጋለጠ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2017 ከ21,000 በላይ የዕፅ ክሶች ተሰረዙ። ስንት ሰው በዚያ ወረቀት ታስሮ ነበር!

የአዌቱ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ጋሼ ሳጅን የፖስታውን ነገር ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ግን አንድ ጥያቄ፣ ልምድ ያለው ሰው ከሆነ ይበቃል ማለት ነው?

ላብ ውስጥ ያለሁ፦
አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2004 ማድሪድ ባቡሮች ላይ ፍንዳታ ሲደርስ የኤፍቢአይ አንጋፋ የአሻራ መርማሪዎች ከፍንዳታው ጋር ተያይዞ የተገኘውን የጣት አሻራ የአንድ አሜሪካዊ ጠበቃ ነው ብለው ሰውየው ታሰረ። የስፔን ፖሊስ ግን የሌላ ሰው መሆኑን አገኘ። አንዱ ከወሰነ በኋላ ሌላው ያንኑ ውጤት እያወቀ ነበር የሚያረጋግጠው። እኛ ከተማ ቡና ቀማሽ እንኳ ስኒው በኮድ ይቀርብለታል እንጂ የማን ቡና እንደሆነ አይነገረውም። ሁለተኛው መርማሪም እንደዚያ መሥራት አለበት። የምትገባበት ቦታ ስትመርጥ ይህን ጠይቅ፣ ከደመወዙ በፊት።

ጠበቃዋ ከሂርማታ፦
ችሎት ለማንም ክፍት ነው። የጎረቤትህ መዝገብ ሲቀጠር ከእሳቸው ጋር ግባና ባለሙያው ሲጠየቅ ስማ። ማስታወሻ ያዝ። ያልገባህን እዚሁ ጻፍልኝ፣ እመልሳለሁ።