ለምሽቱ ውይይት የምናስገባው የጋራ ሐሳብ፦ የህንድ ፖሊሶች ብሶት በእንግሊዝ ዘመን

ሰብሳቢ፦ ሰላም ወገኖች። ለቤተ መጻሕፍቱ የምናስገባው ረቂቅ ደርሷችኋል መቼም። «የቅኝ ግዛት ፖሊሶች የደመወዝ አቤቱታ» የሚለው ርዕስ በጣም ሰፋብኝ። ከሆንግ ኮንግ እስከ ጎልድ ኮስት (የዛሬዋ ጋና) እንዞራለን ካልን ሁለት ሰዓት የት ይበቃናል? ህንድን ብቻ እንያዝ የሚል ሐሳብ አለ። እስቲ በሉ።

ጸሐፊ፦ ህንድ ይሁን፤ ሕጉ ራሱ ይናገራል። የ1861ዱን የፖሊስ ሕግ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጅ ነው) ከፈታችሁ አንቀጽ 9 ላይ ፖሊሱ ያለ አለቃው ፈቃድ ሥራ መልቀቅ ከፈለገ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ መስጠት አለበት ይላል። ዝም ብሎ ጥሎ ከሄደ በአንቀጽ 29 እስከ ሦስት ወር ደመወዙን ይቀጣል ወይም እስከ ሦስት ወር ይታሰራል፣ ሁለቱም አንድ ላይ ሊጣሉበትም ይችላሉ። ደመወዝ አነሰኝ የሚል ሰው እንግዲህ ወዴት ይሂድ? አለቃው ዘንድ። አለቃው ራሱ በዳዩ ከሆነስ? ረቂቁ ከዚህ ጥያቄ ይጀምር።

ገንዘብ ያዥ፦ ጥሩ፣ ግን ቁጥር ይግባበት። የህንድ እንደራሴ የነበረው ሎርድ ከርዘን በ1902 ያቋቋመው፣ አንድሩ ፍሬዘር የመራው የፖሊስ ኮሚሽን የተራ ፖሊስ ደመወዝ በወር ከ8 ሩፒ እንዳያንስ ሐሳብ አቅርቧል። ሩፒው 16 አና ነው። ለ30 ቀን ሲካፈል በቀን 4 አና ከምናምን ይደርሰዋል። ልብ በሉ፣ ይሄ ማሻሻያው ነው! እኔ ብሆን ይህቺን ስሌት በትልቁ ጽፌ ግድግዳው ላይ እለጥፋታለሁ።

ጡረተኛው አባል፦ ልጆች፣ አንድ ነገር ልበል። እኔም ዩኒፎርም ለብሼ ኖሬያለሁ፣ የፖሊስ ብሶት ይገባኛል። ግን ረቂቁ «ደመወዙ ትንሽ ስለሆነ ጉቦ በላ» ብሎ እንዳያልፍ። ያው ኮሚሽን ፖሊሱ በሕዝቡ ዘንድ ሙሰኛና ጨቋኝ ተብሎ እንደሚታይ ጽፏል። ገበሬው የከፈለውን ማን ይቁጠርለት? ሌላው ደግሞ የዕድገት ነገር ነው። ከ1893 ጀምሮ ለከፍተኛ መኮንንነት የሚያበቃው ፈተና ለንደን ነበር የሚሰጠው፣ ህንዶችም ይህ በር የተከፈተላቸው በ1920ዎቹ መግቢያ ነው። ሩፒው ቢጨመርለትም ከፊቱ ያለው ጣሪያ ያው ነው። ብሶት ሁልጊዜ የሳንቲም ጉዳይ አይደለም።

ጸሐፊ፦ ጋሼ፣ ልክ ነዎት፣ ሁለቱም ይግቡ። እኔ ግን በጣም የምፈልገው አንድ ንጽጽር አለ። እንግሊዝ አገር ፖሊሶች በ1918 እና በ1919 አድማ መቱ። በ1919 አድማ ላይ የወጡት ከሥራ ተባረሩ፣ የሠራተኛ ማኅበር መግባትም ለፖሊስ ተከለከለ። ቢሆንም መንግሥት የፖሊሶችን ደመወዝና የሥራ ሁኔታ በመረመረው በዴስቦሮ ኮሚቴ በኩል የተራ ፖሊሱን ደመወዝ በሳምንት ከ70 ሽልንግ እንዲጀምር አደረገ፣ ድምፁን የሚያሰማበት ፌዴሬሽንም አቋቋመለት። ህንድ ውስጥስ? በ1922 ፖሊሱን በመንግሥት ላይ የሚያሸፍት ሰው እስከ ስድስት ወር የሚታሰርበት ሕግ ወጣ። ያው መንግሥት ነው እኮ! አገር ቤት ላለው ፖሊስ የምክክር ጠረጴዛ፣ ህንድ ላለው ደግሞ እስር ቤት።

አዲስ አባል፦ ሳምንቱን ከወሩ ጋር፣ ሽልንጉን ከሩፒው ጋር ግን አታወዳድሩት፣ አንባቢ ይወናበዳል። የኑሮ ውድነቱም አንድ አይደለም። ንጽጽሩ በመብቱ ላይ ብቻ ይሁን።

ገንዘብ ያዥ፦ አይ፣ ይሄ ልጅ ገንዘብ ያዥነቴን ሊቀማኝ ነው። ግን ትክክል ነው፣ ሽልንጓን አውጧት።

ሰብሳቢ፦ እሺ፣ እንግዲህ እንዲህ እናድርግ። መግቢያው አንቀጽ 9 እና 29፣ ቀጥሎ የ4 አናው ስሌት ከኮሚሽኑ ወቀሳ ጋር ጎን ለጎን፣ ከዚያ የለንደኑ ፈተና፣ መጨረሻ ላይ 1919 እና 1922። ጋሼ የገበሬውን ክፍል ይጻፉልን፣ እርስዎ ካልጻፉት ማንም አይጽፈውም። ርዕሱን «የህንድ ፖሊስ ለማን አቤት ይበል?» ብዬዋለሁ፣ የተሻለ ያለው እስከ ሐሙስ ማታ ይላክልኝ። ዓርብ ጠዋት አስገባዋለሁ። ፕሮጀክተር ያለው ሰው ካለ ደግሞ ቶሎ ይንገረን፣ የአምናው ተበላሽቷል።