ለመስከረም ምሽታችን የምናስገባው ሐሳብ፦ ዩኒቨርስ በዩኒቨርስ ውስጥ ይኖራል?

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለአዳራሹ ኃላፊዎች የምናስገባው አንድ ገጽ ነው። የረቂቁ መክፈቻ እንዲህ ይላል፦ «ዩኒቨርሳችን በብላክ ሆል (ብርሃን እንኳ በማያመልጥበት የህዋ አካል) ውስጥ እንደሚገኝ ሳይንስ እያረጋገጠ ነው።» አስተያየት ያላችሁ ወዲህ በሉ።

መምህሩ፦ «እያረጋገጠ» የምትለዋ ትውጣ። ማንም አላረጋገጠም። ጥያቄው ግን የቀልድ አይደለም። በ1972 እ.ኤ.አ. ራጅ ፓትሪያ የተባለ የፊዚክስ ሊቅ ኔቸር መጽሔት ላይ ጽፎበታል።

ተማሪዋ፦ ጋሼ፣ ቁጥሩስ? እስከ 14 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ድረስ ያለውን ቁስና ኃይል ብንደምር፣ ያን ያህል ክብደት ያለው ብላክ ሆል ራዲየሱ ያው ወደ 14 ቢሊዮን ይመጣል። ይሄ ዝም ብሎ ግጥምጥሞሽ ነው?

መምህሩ፦ ጎበዝ፣ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። የዩኒቨርስ ጂኦሜትሪ ጠፍጣፋ (ትይዩ መስመሮች የማይገናኙበት) ከሆነ ሁለቱ ቁጥሮች ከስሌቱ እኩል ሆነው ይወጣሉ። ስለዚህ ማስረጃ አይሆንም። ሌላም ችግር አለ። ብላክ ሆል ውስጥ የገባ ሁሉ ፍጻሜው ከፊቱ ነው። የዩኒቨርስ መነሻ የሆነው ቢግ ባንግ ግን ያለው ከኋላችን ነው።

ተማሪዋ፦ የፊዚክስ ሊቁ ፖፕላውስኪ በ2010 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ሐሳብ እኮ ለዚህ ነው። የቅንጣቶቹ ሽክርክሪት ቁሱ አንድ ነጥብ እስኪሆን እንዳይጨመቅ ያደርገዋል። ከዚያ ወደ አዲስ ህዋ ይነጥራል፤ ቢግ ባንግም ያ ንጥረት ነው ይላል።

መምህሩ፦ እሱ ይግባ። ግን «ሐሳብ» ተብሎ።

ኢንጂነሩ፦ ታዳሚው መጀመሪያ የሚጠይቀን «ይሄን የሚያህል ባዶ ቦታ እንዴት ብላክ ሆል ይሆናል?» ብሎ ነው። ኤም87 በሚባል ጋላክሲ ውስጥ ያለው ብላክ ሆል 6.5 ቢሊዮን ፀሐይ ይመዝናል። ክብደቱን በአድማሱ (የገባ በማይወጣበት ወሰን) ውስጥ ላለው ይዘት (ቮልዩም) ብታካፍሉት ከምንተነፍሰው አየር ይሳሳል! እኔ በዚህ ብንጀምር እላለሁ።

ሰብሳቢ፦ በጣም ጥሩ መግቢያ ነው። እኔ ግን ሊፈተን የሚችል ነገርም እፈልጋለሁ። አለበለዚያ የቡና ላይ ወሬ ሆኖ ይቀራል።

መምህሩ፦ እንግዲያው የፊዚክስ ሊቁ የሊ ስሞሊን ሐሳብ ይጨመር። በ1992 እ.ኤ.አ. እያንዳንዱ ብላክ ሆል አዲስ ዩኒቨርስ ይወልዳል አለ። የተፈጥሮ ቋሚ ቁጥሮችም በየልደቱ ትንሽ ትንሽ ይለወጣሉ። ብዙ ብላክ ሆል የሚያፈራው ዩኒቨርስ ዘሩ ይበዛል፤ ስለዚህ የእኛም ብላክ ሆል በቀላሉ የሚያፈራ መሆን አለበት። ከዚህ ተነስቶ የኒውትሮን ኮከብ (የሞተ ትልቅ ኮከብ ጥቅጥቅ ቅሪት) ክብደት ከ1.6 ፀሐይ ብዙም አያልፍም ብሎ ተነበየ። በ2010 እ.ኤ.አ. ግን ወደ 2 ፀሐይ የሚጠጋ ተገኘ። ግምቱ በመጀመሪያ መልኩ አልቆመም። ለእኔ የምሽቱ ዋና ታሪክ ይሄ ነው። ሊወድቅ የሚችል ሐሳብ ማቅረብ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ጸሐፊ፦ እሺ፣ መክፈቻው ተስተካክሏል፦ «ዩኒቨርስ በሌላ ዩኒቨርስ ውስጥ ሊኖር ይችላል? ሐሳቡ ከየት እንደመጣ፣ የትኛው ክፍሉ እንደተፈተነና የትኛው ገና እንደሆነ እናወያያለን።»

ተማሪዋ፦ ቴሌስኮፕስ?

ኢንጂነሩ፦ መስከረም መጨረሻ፣ ዝናቡ ሲያባራ ይመቻል። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ሳጂታሪየስ የተባለው የኮከቦች ስብስብ በደቡብ ምዕራብ ይታያል። የጋላክሲያችን ብላክ ሆል ያለው በዚያ አቅጣጫ ነው። እሱን ራሱን እንደማናይ ግን ፖስተሩ ላይ ይጻፍ፣ በኋላ ሰው እንዳይቀየመን።

ሰብሳቢ፦ ተስማምተናል። ማመልከቻው ሰኞ ይግባ። በደቡብ ምዕራብ በኩል ያለውን የግቢ መብራት የሚያጠፋልን ጥበቃውን አናግሩት።