ናፍጣ አለቀብን፤ ሞላሁት፣ ቦይለሩ ግን አልነሳ አለ

የዉስተሯ (እሑድ ማታ)

ሰላም ወገኖች። ማሳቹሴትስ፣ ዉስተር ነን። ውጪው 11 ፋራናይት ነው። ቤት ውስጥ 54 ደርሷል፣ እየወረደም ነው።

ቤቱን የገዛነው ሰኔ ላይ ነው። ከዚያ በፊት አፓርታማ ስንኖር ሙቀቱ ከኪራዩ ጋር ነበር፤ ከየት እንደሚመጣ ጠይቄም አላውቅ። እዚህ ቤቱን የሚያሞቀው በናፍጣ የሚሠራ ቦይለር ነው፤ ቤዝመንት ውስጥ 275 ጋሎን የሚይዝ የናፍጣ ታንከር አለ። አናቱ ላይ ብልቃጥ የመሰለች ጌጅ አለችው፣ ውስጧ ቀይ ነገር ከፍ ዝቅ ይላል። ከፈረንጆቹ ገና ጀምሮ ሩብ ላይ ነበረች። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንዴት ንቅንቅ አላለችም ብዬ አላሰብኩም። ለካ ተጣብቃ ነው።

ዛሬ ከተራ ስለሆነ ቤተ ክርስቲያን ዋልን። ስንመለስ ቤቱ በረዶ። ናፍጣ የሚያመጣልን ድርጅት ጋ ደወልኩ። ነገ የማርቲን ሉተር ኪንግ ቀን ስለሆነ ማክሰኞ ነው አሉኝ። በአስቸኳይ ከሆነ ተጨማሪ ክፍያ አለው፤ ቁጥሩን ስሰማ ስልኩን ዘጋሁት። ባለቤቴ ትራክ ነው የሚነዳው፣ አሁን ፔንስልቬንያ ነው፣ ጠዋት ይደርሳል። እሱ በስልክ እንደነገረኝ ሁለት ቢጫ ጀሪካን ገዝቼ ከማደያ 10 ጋሎን ናፍጣ ቀዳሁ። ውጪ ባለው መሙያ ቧንቧ ጨመርኩ፤ ግማሹን ጓንቴ ጠጣው። ወርጄ ቦይለሩ ላይ ያለችውን ቀይ የማስነሻ በተን ተጫንኩ። ሞተሩ ይነሳል፣ ግማሽ ደቂቃ ያህል ያጓራል፣ ከዚያ ቀጥ። ሦስቴ ሞከርኩ፣ ሦስቴም ያው።

አራተኛውን ልጫን ስል ፈራሁና ወደዚህ መጣሁ። አበላሽቼው ይሆን? እኔው ላስነሳው እችላለሁ ወይስ ሰው መጥራት ግድ ነው? እማዬ ከአዲስ አበባ መጥታ እኛ ጋ ናት። ጋቢዋን ተከናንባ "የቡናውን ከሰል ሳሎን ለምን አናቀጣጥልም?" ትለኛለች። ሁለት ልጆችም አሉኝ።

ጣርማበር

ልጄ፣ መጀመሪያ እጅሽን ከቀይዋ በተን ላይ አንሺ። ቀጥሎ ከሰሉን ደብቂ።

የከሰሉን ነገር አስቀድሜ ልጨርስ። ከከሰል የሚወጣው ገዳይ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ አይሸትም፣ አይታይም። አገር ቤት ስንት ሰው በተኛበት ቀርቷል፤ እናትሽም ይህን ያውቃሉ፣ ብርድ ሲጠና ይረሳል እንጂ። የጋዝ ምድጃ ከፍቶ መሞቅም ያው ነው። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ካለሽ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰኪው፣ በኤክስቴንሽን አይሁን። ከብርድ ልብስና ከመጋረጃ አንድ ሜትር ይራቅ። ዛሬ ሁላችሁም አንድ ክፍል እደሩ። የኩሽናውን ውሃ ጠብ ጠብ እንዲል ተዪው፣ ከሲንኩ በታች ያለውንም ቁም ሣጥን ክፈቺው። ቧንቧ ፈንድቶ ጣሪያ ከወረደ ቦይለሩ ትንሹ ጣጣሽ ይሆናል።

አሁን ወደ ቦይለሩ። እኔ አገር ቤት አይሱዙ ነበር የምነዳው፣ ደሴ መስመር። እዚህ መጥቼ የናፍጣ ማሞቂያ ሥራ ተማርኩ፣ ፈቃድ ካወጣሁ 14 ዓመት ሆነኝ። ጣርማ በር ላይ፣ ከ3000 ሜትር በላይ፣ ሌሊት ናፍጣ አልቆበት የቆመ ሹፌር የአንቺን ጭንቅ ያውቀዋል። ከደብረ ሲና በጀሪካን አስመጥተሽ ብትሞዪም መኪናው አይነሳም። አየር ይዞታል። የፖምፓውን ብሎን ላላ ታደርጊያለሽ፣ ረዳቱ በእጁ ይገፋል፣ መጀመሪያ አረፋ ይተፋል፣ ንጹሕ ናፍጣ ሲመጣ ታጠብቂያለሽ። ያኔ ይነሳል። የአንቺም ቦይለር በሽታ ይሄው ነው። ታንከሩ ሲደርቅ ፖምፓው አየር ሳበ። አሁን ናፍጣ ቢኖርም በመሐል ያለው አየር አላሳልፍ ብሎታል።

ቀይዋ በተን ለምን አትደጋገምም? ፖምፓው ናፍጣውን በትንሽ ቀዳዳ፣ በኖዝሉ፣ እንደ ጉም አድርጎ ይረጨዋል። ብልጭታ ያቃጥለዋል። አንዲት የብርሃን ዓይን እሳቱን ትጠብቃለች። ከ15 እስከ 45 ሰከንድ ውስጥ እሳት ካላየች ሁሉንም ታጠፋለች። ቀይዋን ስትጫኚ "እንደገና እርጭ" እያልሽው ነው። እሳት ሳይነሳ የተረጨ ናፍጣ እሳት ቤቱ ውስጥ ይጠራቀማል። ከዚያ በአሥረኛው ሙከራ ይነሳልሻል፤ ሲነሳ ግን ያ ሁሉ አንድ ላይ ይነድና ጡም ይላል። ጥላሸቱ በየክፍሉ ይገባል። እንደዚያ የሆነ ቤት ገብቼ አውቃለሁ፤ የሕፃን አልጋ አንሶላ ሳይቀር ጠቁሯል።

ሦስቴ መጫንሽ ምናልባት አልጎዳም። የተረጨው አየር ብቻ ከነበረ እሳት ቤቱ ደረቅ ነው። ግን እዪው። ቤዝመንት መውረጃው አናት ላይ ቀይ ሳህን ያለው ማብሪያ ማጥፊያ አለ፣ እሱን አጥፊ። በመመልከቻዋ ቀዳዳ በባትሪ እዪ። ናፍጣ ተኝቶ ወይም ረጥቦ ካየሽ እዚህ ላይ ቁሚ፣ ባለሙያ ጥሪ፣ ከፍለሽም ቢሆን።

ደረቅ ከሆነ ግን ባልሽ ሲመጣ ሁለት ሆናችሁ ትችላላችሁ። ቀዩ ማጥፊያ እንደጠፋ ይሁን። ከታንከሩ ወደ በርነሩ፣ ማለትም ናፍጣውን ረጭቶ ወደሚያነደው የቦይለሩ ክፍል፣ የሚሄደውን የመዳብ ቱቦ ተከተሉ። ሁለት ቱቦ ካለ አንዱ መመለሻ ነው፣ አየሩን አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ያወጣል። አንድ ከሆነ በእጅ ነው። ቱቦው የሚገባበት ብረት ፖምፓው ነው። ጎኑ ላይ የመኪና ፍሬን አየር ማስወጫ የምትመስል ትንሽ አፍንጫ አለች። 3/8 መፍቻ ይገጥማታል። ሩብ ኢንች የሆነ የሚያሳይ የፕላስቲክ ቱቦ ሰክተሽ ጫፉን ጠርሙስ ውስጥ ክተቺ። የታንከሩ ቫልቭ መከፈቱን እዪ። አፍንጫዋን ግማሽ ዙር ያህል አላልተሽ ቀዩን ማጥፊያ አብሪ። መጀመሪያ ትንፋሽ፣ ከዚያ አረፋ፣ ከዚያ ናፍጣ ይመጣል። አረፋው ጠፍቶ ወጥ ሆኖ ሲፈስ፣ ሞተሩ እየሠራ እያለ አጥብቂው። እሳቱ ያኔውኑ ይነሳል።

ሳይጨርስ ቢያጠፋብሽ? አፍንጫዋ ክፍት እያለች ናፍጣው የሚሄደው ወደ ጠርሙሱ ነው፣ ወደ እሳት ቤቱ አይደለም። ስለዚህ ያን ጊዜ ቀይዋን መድገም ይቻላል። አፍንጫዋ ተዘግታ ግን አንዴ፣ በቃ። አዳዲሶቹ መቆጣጠሪያዎች ብዙ ጊዜ ከከሸፉ ጭራሽ ይቆለፋሉ። የሚከፈቱበት ዘዴ አለ፣ እዚህ ግን አልጽፈውም። የተቆለፈው በምክንያት ነው።

ቀዝቃዛው

አቦ ጋሼ ምን ያካብዳሉ። እኔ ባለፈው ዓመት ሰባት ስምንት ጊዜ ተጭኜ ተነሳልኝ። ቤቴም እስካሁን ቆሟል።

ጣርማበር

ወንድሜ፣ ኩርባ ላይ ደርቦ የሚያልፍ ሹፌርም እንዲሁ ይላል። ለእሷ ግን አትምከራት።

ደብሊን ነኝ

አየርላንድ እኛ ጋ ብዙ ቤት የሚሞቀው በኬሮሲን ነው፣ ያው በላምባ። ታንከሩም ውጪ ግቢ ውስጥ የተቀመጠ ፕላስቲክ ነው። ባለፈው ክረምት አልቆብኝ ልክ ይሄ ነው የደረሰብኝ፣ አየር። በርነሬ ለላምባ የተስተካከለ ስለሆነ የማደያ ናፍጣ አትጨምር ተባልኩ። የእህታችን ናፍጣ መጨመር ችግር የለውም?

ጣርማበር

የእሷ የለውም። እዚህ የቤት ማሞቂያው ከመኪናው ናፍጣ ጋር ወንድማማች ነው። የማሞቂያው ቀይ ቀለም የተነከረው የመንገድ ግብር ስላልተከፈለበት ነው፤ መኪና ላይ ብትቀጂው ሕገ ወጥ ነው፣ የማደያውን ቤት ውስጥ ማንደድ ግን ዋጋው መወደዱ ብቻ ነው። ቤንዚን ግን በፍጹም። አንድ ሊትርም ቢሆን። ለዚህ ነው ቢጫ ጀሪካን መግዛትሽ ደስ ያለኝ፣ ቀዩ የቤንዚን ነው።

አንድ የረሳሁት፦ የቤት በርነር ብዙ ጊዜ በሰዓት 0.85 ጋሎን ገደማ ነው የሚያነደው። 10 ጋሎን ያለማቋረጥ ቢነድ 12 ሰዓት አይሞላም። ቴርሞስታቱን 60 ላይ አድርጊው፣ እስከ ማክሰኞም ሌላ 10 ጋሎን ጨምሪ። ታንከሩ ስር የተኛ ዝቃጭ አለና ቦቴው መጥቶ ሲሞላ በርነሩን አጥፊው፣ ከሞላ በኋላም ለጥቂት ሰዓት ይርጋ።

የማልደኗ

እህቴ፣ ክፍያው የሚከብድ ከሆነ የማሳቹሴትስን የማሞቂያ እርዳታ ጠይቂ፣ ሂፕ ይሉታል። ከኖቬምበር 1 እስከ ኤፕሪል 30 ነው። መስፈርቱ የቤተሰብ ገቢና ብዛት ነው። ባለቤትም ተከራይም ያመለክታል። ገንዘቡ ለናፍጣ ድርጅቱ ነው የሚከፈለው፣ ለአንቺ አይሰጥም። 211 ደውለሽ የአካባቢሽን ቢሮ ይነግሩሻል። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ "ለእኛ አይሆንም" ብዬ ሳልጠይቅ ቀርቻለሁ፤ ስጠይቅ ሆነ።

ደግሞ አውቶማቲክ ማድረስ የሚባለውን ያዢ። የአየሩን ቅዝቃዜ ቆጥረው ሳትደውዪ ራሳቸው ይመጣሉ። ለጋሎን ትንሽ ይወደዳል። እንዳንቺ በጌጅ ከመሸወድ ይሻላል።

የዉስተሯ (ሰኞ ጠዋት)

ተነሳ!!! ባለቤቴ 11 ሰዓት ሌሊት ላይ ደረሰ። እሳት ቤቱን አየነው፣ ደረቅ ነው። ቱቦው አንድ ነው። የፕላስቲክ ቱቦ ስላልነበረን የልጆቹን የዓሣ ገንዳ ቱቦ ቆረጥን፣ ትንሽ ቀጠን ቢልም ሞቅ ባለ ውሃ ለስልሶ ገባ። እኔ ቀዩ ማጥፊያ ጋ ቆምኩ፣ እሱ መፍቻውን ያዘ፣ እማዬ ባትሪ አበራች። ጋሼ እንዳሉት መጀመሪያ ትንፋሽ፣ ከዚያ አረፋ። መሐል ላይ አንዴ ጠፋ፣ አፍንጫዋ ክፍት ስለነበረች ደገምነው። ከዚያ ቀይ ናፍጣ ግጥም ብሎ መጣ። ቱቦው ውስጥ የድሮው ቀርቶ ነበር መሰለኝ። ሲያጠብቀው በርነሩ ቧ አለ። እማዬ እልል አለች፣ ልጆቹ ነቁ። በጥምቀት ጠዋት ቤዝመንት ውስጥ እልልታ የሰማ ጎረቤት ምን ብሎ ይሆን።

ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ።

ጣርማበር

አሜን ልጄ። ገና አልጨረስሽም ግን። ዝቃጩን ስቦታልና በዚህ ሳምንት ፊልትሮውና ኖዝሉ ይቀየሩ።

የዉስተሯ (ዓርብ)

ጋሼን ሰምቼ ቢሆን ኖሮ። "አሁንማ ይሠራል" ብለን ተውነው። ማክሰኞ ናፍጣው መጣ፣ 150 ጋሎን። የውጪው ቱቦ ሲሞላ ያፏጫል፣ ልጆቹ መስኮት ላይ ተሰቅለው ሰሙት። ትናንት ማታ እንደገና ጠፋ። አንዴ ተጫንኩ፣ አልነሳም፣ ሁለተኛ አልነካሁትም። ባለሙያ ጠራን። ፊልትሮውን ሲያወጣው እንደ ቡና አተላ ነው። ፖምፓው ውስጥ ያለችውን ወንፊትም አጠበ፣ ኖዝሉን ቀየረ፣ አየሩን አስወጣ። አርባ ደቂቃ አልፈጀበትም። ጌጇንም በአዲስ ተካልን። የድሮዋን አውጥቶ ሲያሳየኝ ዘንጓ ተጣሟል።

ቀዝቃዛው

ስንት ተቀበለሽ?

የዉስተሯ

240። ጌጇን ጨምሮ።

እማዬ ግን አዲሷንም ጌጅ አላመነቻትም። ወርዳ ታንከሩን ከላይ ወደ ታች በጣቷ ታንኳኳለች፣ እንደ ጠላ ጋን። ድምፁ የሚወፍርበት ቦታ ላይ ፕላስተር ለጥፋ "እዚህ ድረስ ነው" ትላለች።

ጣርማበር

ልክ ናቸው። ጌጅ ስጠራጠር እኔም እንደዚያው ነው የማደርገው። ፕላስተሩ ላይ ቀኑን ይጻፉበት።