ሲቲው 340 ላይ ቆመብኝ፤ ድንገተኛ ክፍል እየጠበቀኝ ነው

የሌሊት ተረኛ፦ እባካችሁ ቶሎ! ከቤት ሆኜ የሆድ ሲቲ ስካን እያነበብኩ ነው። አንጀቱን የሚመግበው ደም ሥር ተዘግቶ ይሆናል ተብሎ የተላከ ታካሚ ነው። አርቴሪያል ፌዙ (ቀለሙ ደም ቅዳዎቹ ውስጥ እያለ የተነሳው) 600 ምስል፣ ሙሉ ተከፍቷል። ፖርታል ቬነሱ (ቆየት ብሎ ቀለሙ ደም መልሶቹ ሲደርስ የተነሳው) ግን 340ኛው ምስል ላይ ቀጥ ይላል። ሦስቴ ዘግቼ ከፈትኩት፣ ያው 340። ኢንተርኔቴን ምን ላድርገው?

ጥቁር ሰሌዳ፦ ራውተሩን አጥፍተሽ አብሪው።

የድሮ ተረኛ፦ እህቴ፣ ከቤት የሚያነብ ሰው ሁለት መስመር ያስፈልገዋል። ዋይፋይም ለዚህ ሥራ አይሆንም፣ በኬብል ነው። አንድ የሲቲ ምስል ግማሽ ሜጋ ባይት ገደማ ነው፤ 600ው 300 ሜጋ ባይት ይሆናል። በሰከንድ 100 ሜጋ ቢት ያለው መስመር ይህን በግማሽ ደቂቃ ያወርደዋል። ፍጥነቱን ስትለኪ ደግሞ ቪፒኤኑ (ከሆስፒታሉ ጋር የሚያገናኝሽ የተጠበቀ መስመር) እንደበራ ለኪ።

የሌሊት ተረኛ፦ በኬብል ነው ያለሁት። የሌሎቹ ታካሚዎች ወዲያው ይከፈታል።

ቆሽት፦ እንዲያ ከሆነማ ኢንተርኔትሽን ተዪው! የመስመር ችግር አንዴ 210፣ አንዴ 480 ላይ ነው የሚያቆመው። ሁልጊዜ 340 ከሆነ ፓክሱ (የሆስፒታሉ የምስል ማከማቻ) ላይ የደረሰው ያ ብቻ ነው፣ ወይ ቀጣዩ ምስል ተበላሽቷል። ምስሉን ያነሳው ራዲዮግራፈር ከማሽኑ ድጋሚ ይላከው። መጀመሪያ ባለ 5 ሚሊሜትር ውፍረት ምስሎቹን፣ ቀጫጭኖቹ በኋላ ይደርሳሉ።

ጥቁር ሰሌዳ፦ ራውተሩን ግን ሞከርሽው?

ሐኪም ለ፦ ከሁሉም በፊት ለድንገተኛ ክፍሉ ደውይ። ጉበት ላይ ያለ እባጭ ቢሆን እስከ ጠዋት ይታገስሽ ነበር፣ አንጀት ግን ችኩል ነው። አርቴሪያሉ ላይ ዋናው የአንጀት ደም ቅዳ ተዘግቶ ካየሽ አሁኑኑ ንገሪያቸው፣ ቬነሱን አትጠብቂ። ክፍት ከሆነም «ያየሁት ግማሹን ነው» በያቸው። ደም መልሱና የአንጀቱ ግድግዳ በደንብ የሚታየው በጎደለው ፌዝ ነው። የመጨረሻ ሪፖርት ብለሽ እንዳትፈርሚ። ስክሪኑን በስልክ አንስታችሁ ላኩልኝም እንዳትያቸው። የታካሚው ስም አለበት፣ ጥራቱም አያስነብብም።

የሌሊት ተረኛ፦ ደወልኩላቸው፣ ያየሁትን ነገርኳቸው። ራዲዮግራፈሩን እየፈለጉት ነው።

የድሮ ተረኛ፦ መጣልሽ?

ቆሽት፦ እህቴ፣ ቬነሱ ምን አሳየ?